ሐሰትና ስንቅ

ጥቅምት 9

ከእናቴ ቀጥለው ላሳደጉኝ ለእትዬ ይድረስ፤

እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ደረጃው አሁንም ያስቸግርዎታል? እኔ በሕይወት አለሁ፤ ጤናም ነኝ። ናፍቆቱን ግን ፈጣሪ ያስችለኝ እንጂ እኔስ አልቻልኩትም።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልናዘዝልዎ። በደብዳቤ ስለሆነ ጆሮዬን መቆንጠጥ አይችሉም። እዚህ ሰው አገር የተቀጠርኩት በልብስ ሰፊነት አይደለም። የውኃ ጉድጓድ የሚቆፍረው ኩባንያ የሚፈልገው ሜዳ ላይ ለቆፋሪዎቹ የሚያበስል ሰው ነበር። ጸሐፊዋ «ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ስትለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ «ሆስፒታል ወጥ ቤት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት» አልኳት። የእርስዎን የሥራ ዘመን ነው የነገርኳት። ቀና ብላ አየችኝና «አሁን ሠላሳ ስምንት ዓመትሽ ነው፤ መቼ ጀመርሽ?» አለች። «ታዝዬ» አልኳት። ሳቀችና ፈረመችልኝ።

አሁን ከከተማ የሁለት ቀን መንገድ ርቀን፣ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ስድስት ድንኳን ተክለን እንኖራለን። አሥራ አንድ ወንዶች ናቸው፤ አሥራ ሁለተኛዋ እኔ ነኝ። ስልክ አይሠራም። ስንቅም ደብዳቤም የሚያመጣልን በየሁለት ሳምንቱ የሚመላለሰው የውኃ ቦቴ ነው። ያለኝ አንድ ትልቅ ድስት፣ አንድ መጥበሻ፣ አንድ ጭልፋና ብዙ ነፋስ ነው። ነፋሱ እሳቱን አንዴ ወደ ድስቱ፣ አንዴ ወደ ቀሚሴ ይልከዋል። የመጀመሪያ ቀን ሩዝ ሠራሁ፤ ከታች አሮ ከላይ ጥሬ ሆነ። ጥርሶ የሚሉት ቆፋሪ አለ፤ የፊት ጥርሶቹ ከሱ ቀድመው የሚደርሱ። አንድ ማንኪያ ቀመሰና «ይሄን መቆፈሪያው ይሞክረው» አለ። ሁሉም ሳቁ። አለቃው ግን አልሳቀም።

ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ? የእኔ ሐሰት ከሁለት ሳምንት በላይ አይዘልቅም። እባክዎ፣ ሜዳ ላይ በቀላሉ የሚሠራ፣ የሚጣፍጥና ሰው የሚያጠግብ ነገር ይጻፉልኝ።

አባባስ? የሄድኩ ቀን ጠዋት ከክፍሉ አልወጣም። በሩ ላይ ቆሜ «ልሄድ ነው» ስለው መላጊያውን በእንጨቱ ላይ ሲገፋ ብቻ ነው የሰማሁት። «ልጄ ድንኳን ለድንኳን የወንድ ሳህን ስታጥብ አላይም» ካለ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሰልኝም። ከእሱ አንድ ቃል ይላኩልኝ። ስድብም ቢሆን እቀበላለሁ።

ልጅዎ መርፌ


ጥቅምት 24

ለልጄ ለመርፌ፤

ጤናሽ ይብዛ፤ እጅሽን እሳት አይንካው። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደረጃውም እንደተጣሉ ናቸው።

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ተቆጣሁ፤ ቀጥሎ ሳቅሁ፤ ከዚያ እንደገና ተቆጣሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሽንኩርት ያስለቀሰኝን ሥራ በአንድ ትንፋሽ ወሰድሽው? ይሁን፣ ለእኔ ካልሆነኝ ላንቺ ይሁንሽ።

አንድ ችግር አለ። እኔ ለአሥራ ሁለት ሰው መጻፍ አልችልም። እጄ የሚያውቀው ሁለት መቶ በሽተኛ ነው። ቤት ውስጥ ለሦስታችን ሳበስል እንኳ ጎረቤቱ ሁሉ የሚጠግበው ለዚህ ነበር። ስለዚህ የሁለት መቶውን እጽፍልሻለሁ፤ አንቺ ሁሉን ነገር ለአሥራ ሰባት አካፍዪው። ሁሉን ነገር ነው ያልኩሽ።

ምስር አሥራ ሰባት ኪሎ። ሽንኩርት ስምንት ኪሎ። ነጭ ሽንኩርት አንድ ኪሎ ተኩል። የታሸገ ቲማቲም ሃያ ቆርቆሮ። ሽንኩርቱን በዘይት አለስልሽ፤ እንዳይጠቁር። ቲማቲሙ ዘይቱን እስኪተፋ ጠብቂ፤ ከዚያ ምስሩንና ውኃውን። ነፋስ ካስቸገረሽ እሳቱን ጉድጓድ ውስጥ አንድጂው። ከጉድጓድ ቆፋሪዎች ጋር እየኖርሽ ጉድጓድ አጣሁ አትበዪኝ።

ድንች ከነልጣጩ ትኩስ አመድ ውስጥ ቅበሪ፤ ነበልባል ላይ አይደለም፣ አመድ ውስጥ። ሹካ ሲገባለት ሰንጥቀሽ የተከተፈ ሽንኩርትና አንድ ቆርቆሮ ሳርዲን ከነዘይቱ አፍስሺበት። ሰው እንደሠራሽ ሳይሆን እንደደገስሽ ይቆጥረዋል። ለጠዋት ደግሞ ቲማቲምና ቃሪያ መጥበሻ ላይ አብስለሽ እንቁላሎቹን እላዩ ላይ ስበሪና ክደኚው። አታማስዪው።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይላሉ። ይህን ያለው ሰው አብስሎ አያውቅም። ድንጋዮችሽን አስተካክዪ፤ ድስት ከዘመመ ግማሹ ያራል፤ ግማሹ ጥሬ ይቀራል። የሩዝሽም ነገር ይኸው ነው።

አባትሽ ደህና ነው። ሰላም ይልሻል።

አክስትሽ


ኅዳር 12

ለእትዬ፤

እጅዎ ይባረክ፤ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ። ከሥራ አልተባረርኩም።

ሁሉን ነገር አካፍያለሁ፤ ምስሩን፣ ሽንኩርቱን፣ ቲማቲሙን። ነጭ ሽንኩርቱን ግን ረሳሁት። የሁለት ሳምንት ስንቃችንን፣ አንድ ኪሎ ተኩሉን፣ ልጬ ልጬ ጥፍሬ እስኪቃጠል አንድ ድስት ውስጥ ጨመርኩት። የልጣጩ ክምር ሲያስደነግጠኝ «እትዬ ያውቃሉ» አልኩ። በሉት። ላብ በላብ ሆነው በሉት። ሦስት ቀን ሙሉ ሰፈሩ አንድ ሽታ ሆነ፤ የቦቴው ሾፌር መስኮቱን ዘግቶ ነው ያናገረን። ጥርሶ «ጉድጓዱ ውስጥ ተንፍሼበት ድንጋዩ ተሰነጠቀ» ብሎ ለሁሉም ያወራል።

ድንቹ ግን ሌላ ነገር ነው። አመዱን በእንጨት እየጫርኩ ሳወጣው ሁሉም ዙሪያዬን ከበው ቆሙ። እያቃጠላቸው ከእጅ ወደ እጅ እያቀያየሩ በሉት። አለቃው ሁለት ጊዜ ጨመረ፤ «ሆስፒታል እንዲህ ከበላ ማን ይድናል፣ ሁሉም ተኝቶ ይቀራል እንጂ» አለ። እትዬ፣ ስፌት ሰፍቼ እንዲህ ያመሰገነኝ ሰው የለም። ሌላ ይጨምሩልኝ። ሥጋ በወር አንዴ ይመጣል፤ ዱቄት ሞልቷል። ጠንከር ያለ፣ የሚታኘክ ነገር ይወዳሉ።

ስለ አባባ አንድ መስመር ብቻ ነው የጻፉልኝ። «ሰላም ይልሻል» የአባባ አፍ አይደለም። አባባ ለሰው ሰላምታ ሲልክ ሰምቼው አላውቅም። ምን ብሎ እንደሆነ ያለውን እንዳለ ይጻፉልኝ። የግቢውን በር ማጠፊያ ጠገነው? የሚሠራው የእንጨት ዕቃስ ይሸጥለታል?

መርፌ


ታኅሣሥ 9

ለልጄ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። መልስ በማዘግየቴ አትቀየሚኝ። ጉልበቴ ነው፣ ቤቱም ሥራ አያጣ፤ ቀኑ እንዴት እንደሚሄድ አላውቅም።

ለድንኳን ከዚህ የቀለለ የለም፤ ጻፊው። አንድ ካሮት፣ ግማሽ ድንች፣ ሩብ ሽንኩርት። ቅርፊታቸውን ልጠሽ በሁለት ብርጭቆ ውኃ እስኪፈርሱ ቀቅያቸው። በማንኪያ ጀርባ አድቅቂያቸውና በንጹሕ ጨርቅ አጥልዪው። አንዴ አይበቃም፤ ሁለቴ አጥልዪው። አንድ ማንኪያ ዘይት፣ ካለሽ ቅቤ። ለብ ሲል ነው የሚሻለው፤ ትኩሱ ያማል።

ሌላ ደግሞ፣ ግማሽ ብርጭቆ አጃ በዱቄት ወተት። በጣም ይቅጠን፤ እህል ሳይሆን ውኃ ይምሰል። በሻይ ማንኪያ ነው የሚሰጠው። በማንኪያና በማንኪያ መካከል ማረፍ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ትን ይላል።

እንቁላልም ቢሆን አስኳሉን ብቻ በሞቀ ወተት በጥብጠሽ ይሆናል።

አባትሽ ደህና ነው። ሥራ በዝቶበት ነው። የግቢው በር ገና ነው። በጣም ሰላም ይልሻል።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 27

ለእትዬ፤

እንደምን ከረሙ? እኛ ጋ ብርዱ ገብቷል፤ ጠዋት የዘይቱ ጀሪካን ረግቶ ነው የማገኘው።

የላኩልኝን ሾርባ በአሥራ ሁለት አባዝቼ ሠራሁት። ጨርቅ ስላልነበረኝ ገና ባላሰርኩት አዲስ ሻሽ አጠለልኩት፤ ሁለቴ፣ እንዳሉኝ። ቆፋሪዎቹ ሳህናቸውን ዘንበል አድርገው አዩት። ጥርሶ «እኔ ይሄን ሁሉ ጥርስ ያበቀልኩት ለጌጥ ነው?» አለኝ። አለቃው ጠጣውና ዳቦ ጠየቀ።

የዚያን ቀን ማታ ኀፍረቴን ለመሸፈን ከራሴ አንድ ነገር ሠራሁ። ቦቴው ዱባ አምጥቶ ነበር። አናቱን እንደ ክዳን ቆርጬ ፍሬውን አወጣሁ፤ ግማሽ የበሰለ ሩዝ፣ የተጠበሰ ሽንኩርትና ወተት ሞላሁበት። ክዳኑን መልሼ ፍም ላይ አስቀመጥኩት፤ ዙሪያውንም ፍም ከመርኩበት። ልጣጩ ከሰለ፤ ውስጡ ግን በማንኪያ ይታፈስ ነበር። ሰው ሁሉ ሳህኑን እየጠረገ በላ። ይህ ከማንም ያልተማርኩት የመጀመሪያው ምግቤ ነው፤ ደስ ስላለኝ ነው የምነግርዎ።

ከሰዓት በኋላ ሳህን አጥቤ ስጨርስ ደብዳቤዎችዎን ጎን ለጎን ዘርግቼ አነበብኳቸው። በጥቅምት ለሁለት መቶ ሰው እንጂ መጻፍ አልችልም ብለውኛል። በታኅሣሥ አንድ ካሮትና ግማሽ ድንች ጻፉልኝ። የሚታኘክ ብዬ ለምኜ የተጠለለ ላኩልኝ። ትኩሱ ያማል ይላሉ። ሜዳ ላይ ድንጋይ ሲሰብር የዋለ ሰው በሻይ ማንኪያ አይበላም፤ በማንኪያና በማንኪያ መካከልም አያርፍም።

እትዬ፣ ለማን ነው የሚያበስሉት?

አለቃውን ፈቃድ ጠይቄዋለሁ። እሺ ብሎኛል። ጥር ሃያ በሚመለሰው ቦቴ ላይ ጋቢናው ውስጥ ቦታ ተይዞልኛል። ከዚያ በፊት መልስዎ ይድረሰኝ። እውነቱን ይንገሩኝ፤ እለምንዎታለሁ።

መርፌ


ጥር 11

ለመርፌ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትደነግጪው? ሾርባው ለእኔ ነው። ሁለት መንጋጋ አስነቅዬ አፌ አብጦ ነበር። እንዳላሳስብሽ ብዬ ነው ያልጻፍኩት። አሁን ተሽሎኛል፤ ዳቦም እበላለሁ። ገና ሥራ ይዘሽ ሳትደላደዪ ለአክስትሽ ጥርስ ብለሽ ጥለሽ አትምጪ፤ ሰው ይስቅብሻል።

ያን ዱባሽን ግን ወድጄዋለሁ። ስንት ሰዓት ነው ፍም ላይ የሚቆየው? ወተቱ ይበዛል ወይስ ያንሳል? ሩዙ እስኪፈርስ ቢበስል ይበላሻል? በዝርዝር ጻፊልኝ፤ ቶሎ።

አባትሽ ደህና ነው። «ሥራዋን ትሥራ» ይልሻል።

አክስትሽ


ጥር 19

ለእትዬ፤

እግዜር ይማርዎት። መንጋጋ ከሆነ ተመስገን ነው። ደብዳቤዎን የሩዝ ከረጢት ላይ ተቀምጬ አነበብኩት፤ ሳቅሁም አለቀስኩም። እኔ ምን ምን እንዳሰብኩ አልነግርዎትም።

ቦቴው ነገ ጠዋት ይሄዳል። የተያዘልኝን ቦታ ለአለቃው መልሼለታለሁ፤ የተበላሸ ፓምፕ ለጥገና ይጫንበታል። ቁፋሮው ርጥብ አፈር ስላገኘ ሰው ሁሉ ሌት ተቀን እየሠራ ነው፤ በዚህ ሰዓት ምግብ የሚሠራላቸው ሰው መጥፋት የለበትም ብዬ ነው። እኔ ሳልሆን ይህ ደብዳቤ ነው የሚሳፈረው።

ዱባው እንዲህ ነው። ትንሹን ይምረጡ፤ የሰው ጭንቅላት የሚያህለውን። ሩዙ እስኪፈርስ ቢበስል አይበላሽም፤ እንዲያውም ከዱባው ሥጋ ጋር ይዋሐዳል። ወተቱ እስከ አፉ ይሙላ። ፍሙን ዙሪያውን ከምረው፣ ክዳኑም ላይ ጨምረው አንድ ሰዓት ያቆዩት። ሲወጣ የከሰለውን አይላጡት፤ ከውስጥ በማንኪያ ይፈቅፍቁት። ለመንጋጋዎ ይመችዎታል።

አባባ «ሥራዋን ትሥራ» ማለቱ ደስ አሰኝቶኛል። ይህስ እውነትም አባባን ይመስላል።

መርፌ


የካቲት 14

ለልጄ፤

ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አባትሽ የካቲት ስድስት ቀን ጠዋት አረፈ። ትናንት ሳምንት ሆነው። እኔና ጎረቤቶች አልጋው አጠገብ ነበርን።

ጉሮሮው ነው። አንቺ ከሄድሽ በሁለተኛው ሳምንት ዳቦ አልወርድ አለው። የሆስፒታል ሰው ነኝ፤ ሐኪሙ ከመናገሩ በፊት ገብቶኛል። በኅዳር ወፍራም ነገር ተወ። ከዚያ ወዲህ በቀን ስድስት ጊዜ በሻይ ማንኪያ ነው ያበላሁት። ላንቺ ልጽፍ ስቀመጥ የሚመጣልኝ እሱው ብቻ ነበር፤ ሌላ ምግብ ከጭንቅላቴ ጠፍቶ ነበር። ያወቅሽብኝም በዚያ ነው።

እንዳልነግርሽ በእናታችን ስም አስምሎኛል። «እናቷን ሁለት ዓመት ስታስታምም የስፌት መኪናዋ ዛገ፤ ደንበኞቿ ተበተኑ። በእኔ አይደገምም። አንቺ ብትነግሪያት እህቴ አይደለሽም» አለኝ። እኔም ፈራሁ። በታኅሣሥ ደብዳቤሽ ስትጠይቂኝ ወረቀቱን ይዤ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። ወደ ኩባንያሽ ቢሮ መደወልም እችል ነበር፤ ቁጥሩ ፖስታው ላይ አለ። አልደወልኩም። የመንጋጋውን ነገር ፈጠርኩ። ጥርሴ አንድም አልተነቀለም።

ሌላም ልንገርሽ፣ አንዴ ከጀመርኩ። ሰላምታዎቹ የእኔ ናቸው። በጥቅምት የጻፍኩትም፣ በታኅሣሥ የጻፍኩትም። «ሥራዋን ትሥራ» ይልሻል ያልኩሽም የእኔ ነው። ወንድሜን ታውቂዋለሽ፤ አኩርፎ ነው የኖረው። ደብዳቤዎችሽን ጮክ ብዬ ሳነብለት ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞር ነበር። እንዳቆም ግን ጠይቆኝ አያውቅም።

የዱባው ደብዳቤ በደረሰኝ ቀን ትንሽ ዱባ ገዝቼ፣ ግቢ ውስጥ ከሰል አቀጣጥዬ እንዳልሽኝ ሠራሁት። ከማን እንደመጣ አልነገርኩትም። አምስተኛዋ ማንኪያ ላይ እጄን ያዘኝ። ድምፁ አልቆ ስለነበር ጆሮዬን አፉ ላይ አደረግሁ። «ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም። የማን ነው?» አለኝ። «የልጅህ ነው፤ ሜዳ ላይ ያወጣችው ነው» አልኩት። ሳህኑን ይገፋዋል ብዬ ነበር። አፉን ከፈተልኝ። እስከ መጨረሻው በላ፤ ከኅዳር ወዲህ ሳህን ጨርሶ አያውቅም። አፉን ስጠርግለት እንደገና ጆሮዬን ጠራኝና «እሳቱ በዝቶበታል በያት። አትቸኩል» አለኝ።

ይህ የእሱ ነው። አንድም ቃል አልጨመርኩበትም። ከዚያ በኋላ ስላንቺ ሌላ አልተናገረም።

ይቅር በዪኝ አልልሽም። ሲሆንልሽ ትዪኛለሽ።

አክስትሽ


የካቲት 28

ለእትዬ፤

ደብዳቤዎ ትናንት ደረሰኝ። ቦቴው ነገ ይመለሳል፤ ጋቢናው ውስጥ ነኝ። ይህን የምጽፈው ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ከእኔ ጋር አብሮ ነው የሚደርሰው። ፊት ለፊት መናገር ስለማልችል ይሆናል።

ተናድጄብዎታለሁ። እርስዎ ያሳደጉኝ ስለሆኑ አፌን ሞልቼ መናገር ያቅተኛል፤ ግን ተናድጃለሁ። ለሾርባው ነገሩት፤ ለእኔ አልነገሩኝም። መሐላ ከልጅ ይበልጣል? አባባ ቢቆጣ ቢቆጣ ስንት ቀን ነበር የቀረው?

በራሴም ተናድጃለሁ፤ እርስዎ ላይ ብቻ አልጭነውም። ጠርጥሬ ነበር። ካሮቱንም፣ ጨርቁንም፣ የሻይ ማንኪያውንም አይቼ ነበር። የመንጋጋዎን ወሬ ሳነብ ልቤ ሙሉ በሙሉ አላመነም፤ ማመን ግን ቀለለኝ። እዚህ ሰው ያመሰግነኝ ነበር፤ ድስቴን ከበው ይጠብቁኝ ነበር። ከአባባ በር ፊት ለፊት እንደገና ቆሜ መላጊያ ከመስማት ይሄ ይሻለኝ ነበር። ስለዚህ ቦታዬን ለፓምፕ ሰጠሁ። ቦቴው ላይ ብወጣ ኖሮ በሕይወት እደርስበት ነበር፤ ቀኑን ቆጥሬዋለሁ።

ስመጣ ብዙ አላወራ ይሆናል። ይታገሱኝ። ክፍሉን አያጽዱት፤ የእንጨቱን ፍቅፋቂም ከወለሉ አይጥረጉት።

ቆፋሪዎቹ ሰምተዋል። ጥርሶ መጥቶ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመና ውኃ ቀዳልኝ። ዛሬ ተቀመጪ፣ ቆርቆሮ ከፍተን እንበላለን አሉኝ። እንቢ አልኩ። ከስንቁ ሁለት ዱባ ቀርቶ ነበር። በፊት እንደማደርገው ፍም አልከመርኩበትም። ፍሙን ጠረግሁና ትኩስ አመድ ላይ ብቻ አስቀመጥኩት፤ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አንዴም ሳልነካካው ጠበቅሁ። ልጣጩ አልከሰለም። ወተቱ አልገነፈለም። አሥራ አንዱም እስከ መጨረሻው በሉት።

እኔም ቀመስኩት። አባባ እውነቱን ነው፤ እሳቱ በዝቶበት ነበር።

መርፌ